ከምዝገባ እስከ ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ)፦ የሕግ ተማሪ በግቢ ሕግ እንዳይረታ

ሦስተኛ ዓመት እያለሁ ነው። እረፍቱን ቤተሰብ ጋ ተኝቼ አሳልፌ ግቢ ተመለስኩ። ውጤቴን ሳይ በውርስ ሕግ ኤፍ መጥቶብኛል። ሚዱን (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተናውን) ከ30 ላይ 24 አግኝቼ ነበር፣ ወረቀቱም እጄ ላይ አለ። መምህሩ ሲደምር ሚዱን ረስቶታል፣ ነገሩ ይኼው ነው። ወረቀቴን ይዤ እየሮጥኩ ሬጅስትራር መስኮት ላይ ደረስኩ። ሴትየዋ ወረቀት መቁጠሪያ የጎማ ቆቧን ከጣቷ ሳታወልቅ ቅጹን ገለበጠችው፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ካላንደር ቀና ብላ አየችና «ቀኑ አልፏል የኔ ልጅ» አለችኝ። በሁለት ቀን!

የሚያስቀው፣ ያን ሴሚስተር ስለ ይርጋ (መብት የሚጠየቅበት የጊዜ ገደብ) ስቸክል የከረምኩ ልጅ ነበርኩ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1845 ውል ይፈጸምልኝ ለሚል ሰው አሥር ዓመት ይሰጣል። በፍርድ ቅር የተሰኘ ሰው ይግባኝ የሚልበት 60 ቀን አለው። ግቢ ውስጥ ግን ይርጋው የሚቆጠረው በጣት ነው። ኮርሱን በዓመቱ ደገምኩት።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ነገር አለ። የሕግ ተማሪ ስለ ሌላ ሰው መብት ሌሊቱን ሙሉ ሲያነብ ያድራል፣ የራሱን ዩኒቨርሲቲ ሌጅስሌሽን (የውስጥ መተዳደሪያ ሕግ) ግን አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አይከፍተውም። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ የራሳችሁን ጉዳይ የደንበኛ ጉዳይ አድርጋችሁ ያዙት። ፋይል ክፈቱለት፣ ቀን ቁጠሩለት፣ ማስረጃ ሰብስቡለት። ከዚህ በታች ተራ በተራ አስቀምጬዋለሁ። የምጠቅሳቸው ቁጥሮች በብዙ ግቢ የተለመዱት ናቸው። ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ስለሚለያዩ ከራሳችሁ ሌጅስሌሽን ጋር ሳታመሳክሩ አትከራከሩባቸው።

1. መጀመሪያ ሕጉን እጃችሁ አስገቡ

ከላይ ያለው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ነው። ከሥሩ የየዩኒቨርሲቲው ሴኔት ያወጣው ሌጅስሌሽን አለ። ከዚያ ወረድ ሲል የሕግ ትምህርት ቤቱ የራሱ መመሪያዎች ይመጣሉ፤ የኤክስተርንሺፕ (ፍርድ ቤት ወይም ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ተመድቦ የሚሠራ የተግባር ልምምድ)፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ አንዳንዱ ጋ የምስለ ችሎትም አለ። ለብቻው ደግሞ የተማሪዎች የሥነ ምግባር ደንብና በየዓመቱ የሚወጣው አካዳሚክ ካላንደር።

ሌጅስሌሽኑን የት ታገኙታላችሁ? የዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ ካልተጫነ የሕግ ቤተ መጻሕፍቱን ጠይቁ። እዚያም ከጠፋ የተማሪዎች ኅብረት ጋ ወይም የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ጋ በሶፍት ኮፒ አይጠፋም። በቴሌግራም ለሚዞረው ግን ተጠንቀቁ። የትኛው ዓመት እንደወጣ፣ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሎ እንደሆነ ሳታረጋግጡ እሱን ይዛችሁ ቢሮ ብትገቡ ትዋረዳላችሁ። የተሻረ ሕግ ጠቅሶ ችሎት መቆም ማለት ነው።

ሙሉውን እንድታነቡት አልጠብቅም፣ ወፍራም ነው። አምስት ምዕራፍ ይበቃችኋል፦ ምዝገባ፣ ክፍል መገኘት፣ ፈተናና ውጤት፣ ማቋረጥና መመለስ፣ ዲሲፕሊን። ስታነቡ ቀን የተጻፈበትን አንቀጽ ሁሉ አስምሩበት። «ቀን» ነው የሚለው ወይስ «የሥራ ቀን»? የሚቆጠረው ውጤቱ ከተለጠፈበት ነው ወይስ እናንተ ካያችሁበት? ይህን የማያይ የሕግ ተማሪ ካለ ዲፓርትመንት ቢቀይር ይሻለዋል። ያሰመራችሁትን በአንድ ገጽ ጻፉና የዶርም ሎከራችሁ በር ላይ ከውስጥ በኩል ለጥፉት።

2. ምዝገባ

ምዝገባ ላይ ብዙ የሚባል የለም፣ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነው። ግን ዓመት የሚያስበላውም እሱ ነው።

በካላንደሩ ቀን ተመዝገቡ። ካለፈ በቅጣት የሚመዘገቡበት ጥቂት ቀን ይኖራል፣ ከዚያ በኋላ ግን በሩ ይዘጋል። ጓደኛ ፈርሞልኝ ይቆየኛል አትበሉ፣ በሌላ ሰው ስም መፈረም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። አድና ድሮፕ (ኮርስ መጨመርና መተው) የሚደረግበት ጊዜ በአብዛኛው የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሳምንታት ነው። ኤፍ ያለባችሁ ኮርስ ካለ፣ ወይም ቅድመ ሁኔታ ያለው ኮርስ ሊቀርባችሁ ከሆነ፣ አማካሪያችሁን በዚያ ሳምንት አግኙት። አማካሪው የለም ከተባላችሁ የትምህርት ክፍል ኃላፊውን።

እዚህ ላይ የሕግ ትምህርትን ለየት የሚያደርገው ነገር አለ። ብዙዎቹ ኮርሶች የሚሰጡት በዓመት አንዴ ነው። የውል ሕግ አንደኛው በመጀመሪያው ሴሚስተር ካመለጣችሁ በሁለተኛው አይጠብቃችሁም፣ ቀጣዩ ባች እስኪደርስበት ትጠብቃላችሁ። በዚያ ላይ እሱን ቅድመ ሁኔታ ያደረጉ ኮርሶች አብረው ይታገዳሉ። ስለዚህ «ድሮፕ አድርጌ በኋላ እወስደዋለሁ» ከማለታችሁ በፊት «በኋላ» መቼ እንደሆነ በቀን ቁጠሩት።

የተመዘገባችሁበትን ስሊፕ አትጣሉ። የእያንዳንዱን ሴሚስተር ፎቶ አንሱና ለራሳችሁ ኢሜይል ላኩት። ስማችሁ ከሲስተም ሲጠፋ (ይጠፋል!) የምታሳዩት ይኸው ነው።

የወጪ መጋራት ውሉንም በዚሁ ጊዜ ነው የምትፈርሙት። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመደበኛ የምትማሩ ከሆነ በወጪ መጋራት ደንቡ መሠረት የወጪውን ድርሻ ተመርቃችሁ ሥራ ስትይዙ ትከፍላላችሁ። ውል ነው። የውል ሕግ ትማራላችሁ፣ የራሳችሁን ውል ግን ሰልፍ ላይ ቆማችሁ የጓደኛችሁ ጀርባ ላይ አስደግፋችሁ ሳታነቡ ትፈርማላችሁ! ምግብና መኝታ ትወስዳላችሁ ወይስ ኖን ካፌ (የግቢውን ካፌ የማትጠቀሙ) ናችሁ፣ ቅጹ ላይ በትክክል ሙሉት። ያልበላችሁት እንዳይጻፍባችሁ። አንድ ቅጂ ደግሞ ለራሳችሁ።

በግል ኮሌጅ የምትማሩ፣ እናንተ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር ብቻ አረጋግጡ፦ ኮሌጁ ለሕግ ፕሮግራም፣ በዚያው ካምፓስ፣ በምትማሩበት ዓይነት (መደበኛ ወይም ማታ) ዕውቅና አለው? ዕውቅናው የሚጣራው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። የኮሌጁ ሠራተኛ «አለን» ማለቱ ማስረጃ አይደለም።

3. ክፍል መገኘት

በብዙ ግቢ ከክፍለ ጊዜው ቢያንስ 80 በመቶውን ያልተገኘ ተማሪ ፋይናል አይቀመጥም። አንዳንዱ መምህር ስም አይጠራም፣ አንዳንዱ በየቀኑ ይጠራል። የሚጠራው እንዴት እንደሚጠቀምበት የምታውቁት ደግሞ የፈተና ሳምንት ነው።

ሰው ታሞ ይቀራል፣ ለቅሶ ይሄዳል። ችግሩ መሄዱ አይደለም፣ ሳይናገሩ መሄዱ ነው። አያቱ ያረፉበት ልጅ ሌሊት ተነስቶ አውቶቡስ ይሳፈርና ሠልስቱን አውጥቶ በሳምንቱ ይመለሳል፤ ማንም እንዲህ ያደርጋል። ግን ከመናኸሪያ ሆናችሁም ቢሆን ለክፍል ተጠሪው ደውሉ፣ ለኃላፊው አጭር መልእክት ላኩ። ስትመለሱ በዚያው ቀን ማመልከቻ ጻፉ፣ ከቀበሌ ወይም ከዕድሩ ማስረጃ አያይዙ። ሕመም ከሆነ መጀመሪያ የግቢውን ክሊኒክ እዩ። የውጭ ሐኪም ቤት ከታከማችሁ ደግሞ የሕክምና ወረቀቱን የግቢው ክሊኒክ እንዲያረጋግጠው የሚጠይቁ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የሚመጣ የሐኪም ወረቀት፣ እውነት ቢሆን እንኳ፣ የተገዛ ነው የሚመስለው።

4. ፈተና ክፍል ውስጥ

መታወቂያ፣ ሰዓት፣ ስልክ ውጭ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። እኔ የምነግራችሁ ስለ ኮዱ፣ ስለ ሕግ መጽሐፉ ነው።

አንዳንድ መምህር ፈተና ላይ ሕጉን ይዛችሁ እንድትገቡ ይፈቅዳል። ችግሩ ሴሚስተሩን ሙሉ ስትማሩበት የነበረው ኮድ ዳርና ዳሩ በእርሳስ ተሞልቷል። ቁጥር 1678 አጠገብ «ችሎታ፣ ፈቃድ፣ ጉዳይ፣ ፎርም» ብላችሁ ጽፋችኋል፣ ቁጥር 1808 ሥር ቀስት ሰርታችኋል፣ መጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ ደግሞ የመምህሩ የኬዝ ትንታኔ በሙሉ አለ። ያ ኮድ በጥናት ጊዜ ወርቅ ነው፣ ፈተና ክፍል ሲገባ ግን ኩረጃ ነው። ፈታኙ ገልጦ ሲያየው «ለጥናት የጻፍኩት ነው» ማለት አያዋጣም፣ ማስታወሻ የተጻፈበት ኮድ አይገባም ከተባለ አይገባም። ንጹሕ ኮድ አንድ ላይ ሆናችሁ ግዙ፣ ወይም ከቤተ መጻሕፍቱ ቀድማችሁ ተዋሱ። ማስመር ብቻ ይፈቀዳል ወይ የሚለውን ከፈተናው በፊት፣ ሁሉም ባለበት ክፍል ውስጥ ጠይቁ። አርባ ሰው የሰማው መልስ በኋላ አይካድም።

በኩረጃ የተያዘ ተማሪ በአብዛኛው ለኮርሱ ኤፍ ይሰጠዋል፣ ጉዳዩም ለዲሲፕሊን ይመራል። ፈታኙ ቅጽ ሞልቶ ፈርም ቢላችሁ አንብባችሁ ፈርሙ። ካልተስማማችሁ «ፍሬ ነገሩን አልተቀበልኩም» ብላችሁ ከፊርማችሁ በላይ ጻፉ። በጩኸት የሚገኝ ነገር የለም።

ፈተና ካመለጣችሁ ደግሞ በሁለት ፊደሎች መካከል ልዩነት እንዳለ እወቁ። «አይ» ማለት ያልተጠናቀቀ ነው። በቂ ምክንያት ስላላችሁ ተፈቅዶላችኋል፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ትፈተናላችሁ። «ኤን ጂ» ማለት ግን ውጤት የለም ነው። ለምን እንደሌለ ማንም አልመረመረም። ሁለቱም ቀን አላቸው፣ ቀኑ ሲያልፍ ብዙ ቦታ ላይ ወደ ኤፍ ይለወጣሉ። ኤን ጂ ያየ ተማሪ በዚያው ሳምንት ምክንያቱን ማወቅ አለበት። አንዳንዴ መምህሩ ውጤቱን ሳያስገባ ለትምህርት ወጥቶ ይሆናል፣ እናንተ ግቢ ውስጥ እሱን ስትጠብቁ እሱ ሌላ አገር ነው።

5. የውጤት ቅሬታ

እኔን የበላችኝ እሷ ስለሆነች እዚህ ላይ ትንሽ ቆይታ ይኖረናል።

ውጤት በተለጠፈ ቀን እዩት። ገጠር ገብታችሁ ኔትወርክ ከሌለ ግቢ የቀረ ጓደኛ አያጣም፣ እሱ ይይላችሁ። ከዚያ መምህሩን አግኙት። በትሕትና፣ በሥራ ሰዓት፣ ቢሮው። «ኤፍ ለምን ሰጡኝ» ብላችሁ ከጀመራችሁ ወሬው እዚያው አበቃ። «መምህር፣ የሚድና የአሳይመንት ውጤቴ ተደምሮ እንደሆነ አብረን ልናይ እንችላለን?» በሉት። የድምር ስህተት ከሆነ ብዙ መምህር ራሱ የውጤት ማስተካከያ ቅጽ ሞልቶ ይልክላችኋል። ሰው ነው፣ መቶ ሃያ ወረቀት ያርማል።

መምህሩ ካልተስማማ ወይም ካልተገኘ ቀኑ ሳያልፍ በጽሑፍ አመልክቱ። መምህሩን ፍለጋ ስትንከራተቱ ቀኑ ይሄዳል፤ እኔ ባልተኛ ኖሮ እንኳ ይኼ ይጥለኝ ነበር። ፍለጋውና ማመልከቻው ጎን ለጎን ይሂዱ።

ማመልከቻው አጭር ይሁን። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 222 ክስ ምን ምን መያዝ እንዳለበት ይዘረዝራል፣ ቁጥር 223 ደግሞ ማስረጃ አያይዙ ይላል። የእናንተም ከዚያ ብዙ አይርቅም። እንዲህ፦

ቀን ……
ለ…… ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ዲን ጽሕፈት ቤት
ጉዳዩ፦ የኮርስ ውጤት እንደገና እንዲታይልኝ ስለመጠየቅ
እኔ ተማሪ ……፣ መታወቂያ ቁጥር ……፣ የ3ኛ ዓመት ተማሪ ስሆን በዚህ ሴሚስተር በወሰድኩት የውርስ ሕግ ኮርስ ኤፍ የተሰጠኝ መሆኑን ውጤቱ በተለጠፈበት …… ቀን አውቄአለሁ። ለሚድ ፈተና ከ30 ላይ 24፣ ለአሳይመንት ከ20 ላይ 15 ያገኘሁ በመሆኑ በድምሩ ላይ ስህተት አለ ብዬ አምናለሁ። ስለሆነም በሴኔት ሌጅስሌሽኑ አንቀጽ …… መሠረት ወረቀቴ እንደገና እንዲታይልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።
አባሪ፦ የታረመ የሚድ ወረቀት ቅጂ 1 ገጽ፣ የአሳይመንት ውጤት ቅጂ 1 ገጽ
ፊርማ ……

አለቀ። ስለ ቤተሰባችሁ ድህነት፣ ስለ ተስፋችሁ፣ ስለ መምህሩ ጠባይ አንድም ቃል የለም። መምህሩ ይጠላኛል ብሎ የጻፈ ተማሪ ያንን ማስረዳት አለበት። የማስረዳት ሸክም በማን ላይ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ሁለት ቅጂ አትሙ። አንዱን መዝገብ ቤት ስጡ፣ ሁለተኛው ላይ የገባበት ቀን፣ የመዝገብ ቁጥርና ማኅተም አስደርጉና ለራሳችሁ አስቀሩ። «አስቀምጪው፣ እናየዋለን» ከተባላችሁ ፈገግ ብላችሁ «ቁጥር ብቻ ይስጡኝ» በሉ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚለው ተረት ለመዝገብ ቤት የተተረተ ነው የሚመስለኝ።

ከዚያ ሌላ መምህር ወይም ኮሚቴ ወረቀታችሁን ያየዋል። ልብ በሉ፣ ውጤቱ ከፍ ሊልም፣ ባለበት ሊቆይም ይችላል። በአንዳንድ ቦታ ዝቅም ይላል። ቢ ፕላሳችሁ ኤ ማይነስ እንድትሆን ከሆነ ሁለቴ አስቡ። ወረቀታችሁን ሳታዩ ሪማርክ (ዳግም እርማት) መጠየቅ ቁማር ነው።

6. ነጥብ እና ማስጠንቀቂያ

ኤ 4፣ ኤ ማይነስ 3.75፣ ቢ ፕላስ 3.5፣ ቢ 3፣ ቢ ማይነስ 2.75፣ ሲ ፕላስ 2.5፣ ሲ 2፣ ሲ ማይነስ 1.75፣ ዲ 1፣ ኤፍ ዜሮ። የተለመደው ይኼ ነው። ፊደሉን በኮርሱ ክሬዲት ታባዛላችሁ፣ ትደምራላችሁ፣ ለጠቅላላ ክሬዲት ታካፍላላችሁ።

እንበልና አምስት ኮርስ ወሰዳችሁ። በባለ 3 ክሬዲቱ ቢ፣ በባለ 4ቱ ሲ፣ በሌላ ባለ 3 ቢ ማይነስ፣ በባለ 2ቱ ኤ፣ በመጨረሻው ባለ 3 ደግሞ ኤፍ። ድምሩ 33.25 ነው፣ ለ15 ሲካፈል 2.22 ገደማ። ያቺ ኤፍ ሲ ብትሆን ኖሮ 2.62 ነበር። የሕግ ኮርሶች ክሬዲታቸው ትልልቅ ስለሆነ አንዷ ኤፍ ሙሉውን ሴሚስተር ይዛው ትወርዳለች። በባለ 2 ክሬዲት ኮርስ ኤ ለማምጣት ስትደክሙ ባለ 4ቱን አትልቀቁት።

ለመመረቅ በጠቅላላው 2.00 ያስፈልጋል። ከዚያ በታች የወረደ ተማሪ እንደ ደረጃው ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል ወይም ይባረራል፣ አንደኛ ዓመት ላይ መለኪያው ትንሽ ላላ ይላል። ማስጠንቀቂያ ከደረሳችሁ አታፍሩ፣ አማካሪ ጋ ሂዱ፣ ቀጣዩን ሴሚስተር ጭነት ቀንሳችሁ መውሰድ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ተባረራችሁ ማለትም ሁልጊዜ ያለቀለት አይደለም፣ በሪአድሚሽን የመመለስ ዕድል አለ። ማመልከቻው ግን ከሴሚስተሩ መጀመሪያ በፊት ነው የሚገባው። ተማሪው ደግሞ የሚያስታውሰው ሌሎቹ ተመዝግበው ሲያልቁ ነው።

7. ማቋረጥ

ቦርሳ ሸክፎ መሄድ ዊዝድሮዋል አይደለም። የታመመም፣ ቤተሰቡ የተቸገረም፣ ጭንቀት የያዘውም ልጅ ከመሄዱ በፊት ቅጹን ሞልቶ፣ ክሊራንስ (ዕዳ እንደሌለበት ከየቢሮው ማስፈረም) ጨርሶ፣ መታወቂያውን መልሶ፣ የዊዝድሮዋል ወረቀቱን በእጁ ይዞ ይውጣ። ያቺ አንዲት ወረቀት ከሌለች ሲስተሙ የሚያውቀው ፈተና እንዳልተፈተናችሁ ብቻ ነው። አምስት ኤፍ ደርድሮ ይጠብቃችኋል።

አቅም ያጣችሁ ቀን ደግሞ ይህን ሁሉ ብቻችሁን አትዙሩት። አንድ የዶርም ጓደኛ ቢሮ ለቢሮ ይዞራችሁ። የክፍላችን አንዱ ልጅ እንደዚያ ነው የተረፈው፣ ፊርማውን ብቻ ነበር እሱ የፈረመው።

8. ዲሲፕሊን ኮሚቴ ከጠራችሁ

ክሱን በጽሑፍ ጠይቁ። ምን ቀን፣ የት፣ የትኛውን አንቀጽ ጣሳችሁ ነው የሚባለው? መልስ የምትሰጡበት ጊዜ ይሰጣችሁ። ምስክር ካላችሁ ስማቸውን አስመዝግቡ። ውሳኔውን በጽሑፍ ተቀበሉ፣ የይግባኝ ቀኑን በዚያው ሰዓት ካላንደር ላይ አስገቡ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የሕግ ተማሪ ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ «በላ ልበልሃ» የሚል መንፈስ ይወጣበታል። ሕገ መንግሥቱን ከአንቀጽ 20 ጀምሮ ይዘልቀዋል። ኮሚቴው ውስጥ ያሉት የኬሚስትሪና የግብርና መምህራን ናቸው፣ የአንቀጽ ክርክር አይገባቸውም፣ ያበሳጫቸዋልም። ፍሬ ነገሩን ተናገሩ። አንቀጹን ለይግባኙ አቆዩት።

9. ኤክስተርንሺፕና ነጻ የሕግ ድጋፍ

ፍርድ ቤት ወይም ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ስትመደቡ የትብብር ደብዳቤውን ከትምህርት ቤቱ ቀደም ብላችሁ አስወጡ። ኅዳር ላይ የሚጠየቅ ደብዳቤ ጥቅምት ላይ ይጠየቅ። በየቀኑ ያያችሁትን በአንድ ደብተር ጻፉ፣ መጨረሻ ላይ ሪፖርት ሲባል ያኔ ነው የምታመሰግኑኝ። የባለጉዳይ ስም ግን አትጻፉ። የግምገማ ቅጹ በታሸገ ፖስታ ነው የሚመጣው፣ ለመክፈት እንዳይቃጣችሁ።

ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ስትሠሩ ደግሞ ከባለጉዳይ ምንም አትቀበሉ። እናት ናቸው፣ መቀነታቸውን ፈትተው ለሻይ ብለው ሃምሳ ብር ሊሰጧችሁ ይችላሉ። «ይቆይልኝ እማማ» በሉ። ጥብቅና የሚሠራው በፈቃድ ነው፣ የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ይባላል፣ እናንተ ደግሞ ገና ተማሪ ናችሁ። ክስ የምታዘጋጁት በማዕከሉ ስምና በኃላፊው እይታ ሥር ነው። «ሰፈር ያለ ዘመድ አለኝ፣ እኔው እጽፍለታለሁ» የምትለዋን ጨዋታ ተዉአት።

የመመረቂያ ጽሑፉን አላበዛውም። አማካሪያችሁን በየሁለት ሳምንቱ በኢሜይል አግኙት፣ መልስ ባይሰጥም መላካችሁ ይመዘገባል። የሰው ጽሑፍ ገልብጣችሁ ከተገኛችሁ በመጨረሻው ወር ነው የምትወድቁት።

10. መውጫ ፈተና

የሕግ ተማሪ መውጫ ፈተናን ከማንም ቀድሞ ነው የለመደው። ሌላው ዲፓርትመንት በሙሉ የገባበት በ2015 ነው። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ግቢ ውስጥ 3.5 ይዞ የሚወድቅ አለ፣ በ2.3 የሚያልፍም አለ።

አስተዳደራዊው ጣጣ ግን ስም ነው። መታወቂያችሁ ላይ ያለው ስም፣ የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬታችሁ ላይ ያለው፣ ፋይዳችሁ ላይ ያለው በእንግሊዝኛው ፊደል አንድ ዓይነት ነው? «ኃይለ» በአንዱ ላይ በአንድ ኤል፣ በሌላው ላይ በሁለት ኤል ተጽፎ የተንከራተተ አውቃለሁ። ይህን አራተኛ ዓመት ላይ አስተካክሉት። የተፈታኝ ዝርዝር ሲለጠፍ ስማችሁን ብቻ ሳይሆን ፊደል በፊደል አንብቡት።

ለፈተናው ራሱ ብሉፕሪንቱን (የፈተናውን የይዘት ዝርዝር) ያዙና በባች ተከፋፈሉት። አንዱ ወንጀል፣ አንዱ ውል፣ አንዱ ሥነ ሥርዓት። የንግድ ሕጉ በ2013 እንደተቀየረ አትርሱ። ከሲኒየር የወረሳችሁት ማስታወሻ የድሮውን የ1952ቱን ሕግ ይዞ ከሆነ ጥሩ ማንደጃ ነው። የሰበር ችሎት ውሳኔዎቹንም እንዲሁ፣ የተለወጠ አቋም ካለ የመጨረሻውን ያዙ።

ካልተሳካ? የመመለሻ ዙር አለ፣ ትመዘገባላችሁ፣ ትፈተናላችሁ። ምዝገባው ግን በራሳችሁ ነው፣ ግቢ የለቀቀን ተማሪ ስልክ ደውሎ የሚጠራው የለም። የሬጅስትራሩን የቴሌግራም ገጽ አታጥፉ።

11. ክሊራንስና ወረቀት

ቤተ መጻሕፍት፣ የሕግ ቤተ መጻሕፍት (ለየብቻ ናቸው!)፣ ዶርም፣ ካፌ፣ ስፖርት፣ ንብረት ክፍል። በጠዋት ጀምሩ፣ ፈራሚው ለምሳ ከወጣ ከሰዓትም ላይመለስ ይችላል። ሁለተኛ ዓመት ላይ ተውሳችሁ የረሳችሁት መጽሐፍ እዚህ ጋ ይነሳል። ከጠፋ በዋጋው ወይም በሌላ ቅጂ መተካት ነው፣ ደረሰኙንም ያዙ።

ቴምፖና ስቱደንት ኮፒ (ለተማሪው የሚሰጥ የውጤት ዝርዝር) ስትቀበሉ መስኮቱን ሳትለቁ አንብቡት። ስም፣ የኮርስ ስም፣ የደገማችሁት ኮርስ ውጤት፣ ጠቅላላ ነጥብ። እኔ ያቺን የውርስ ሕግ የደገምኩበት ውጤት ሳይገባ፣ ከነኤፏ ነው ያገኘኋት። እዚያው ስላየሁ በሁለት ቀን ተስተካከለች። ኦፊሻሉ ትራንስክሪፕት ግን ለእጃችሁ አይሰጥም፣ ለጠየቀው ተቋም በታሸገ ፖስታ ነው የሚላከው። አሜሪካ ለማስተርስ የምታመለክቱ፣ ብዙዎቹ የሕግ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻውን ኤልሳክ በሚባለው ተቋም በኩል ስለሚቀበሉ ትራንስክሪፕቱ ከሬጅስትራሩ ቀጥታ ወደዚያ መሄድ አለበት። ሬጅስትራሩ ሊልክ ወር ሊፈጅበት ይችላል፣ የማመልከቻው ቀን ግን አይጠብቅም።

የወጪ መጋራቱን ነገር ሳትጨርሱ ዋናው ዲግሪ እጃችሁ አይገባም። ሥራ ስትይዙ ውሉን ለአሠሪው አሳዩ፣ ከደመወዛችሁ እየተቆረጠ ገቢ ይደረጋል። የተቆረጠበትን ማስረጃ በየዓመቱ ከፋይናንስ ውሰዱና ከዚያች የስሊፕ ፋይል ውስጥ አስቀምጡት።